መድኃኒቱ ሐዘኔን ሳያቀልልኝ አንጎሌ ውስጥ ምን እየሠራ ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እንቅልፍ ነሥቶኝ፣ የምግብ ፍላጎቴ ጠፍቶ፣ የምወደው ሥራዬ እንኳ ሸክም ሆኖብኝ ስምንት ወር ያህል ከቆየሁ በኋላ በእኅቴ ጉትጎታ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የድብርት ሕመም መሆኑ ተነግሮኝ በቀን 20 ሚሊግራም ፍሉኦክሴቲን ታዘዘልኝ፤ ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው።

ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ስለነበር «ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር አንሶሽ ነው፣ መድኃኒቱ ይሞላዋል፣ ታገሺ» ብሎ አሰናበተኝ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሴሮቶኒንን የሚነካው በሰዓታት ውስጥ ነው የሚል አንብቤአለሁ። እንዲያ ከሆነ ሐዘኑ ለምን ከላዬ አልወረደም? ከሁሉ የከፋብኝ ደግሞ ሆደ ባሻነቴ ነው። ሰው ዝም ሲለኝ የተቀየመኝ፣ ሲስቅ የሳቀብኝ ይመስለኛል፤ ይህ ጠባዬ ነው ወይስ ሕመሜ? አንዲት ባልንጀራዬም «ያ መድኃኒት ያደነዝዛል፤ እናትሽ ብትሞት እንኳ እንባ አይወጣሽም» ስላለችኝ ፈርቻለሁ። የሚያውቅ ሰው በሰፊው ቢያስረዳኝ ውለታው አይረሳኝም።

ምላሽ 1 (የአንጎል ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ)

እኅቴ፣ ሆደ ባሻነትዎን ባይጠቅሱ ኖሮ መልስ መስጠት ይከብደኝ ነበር፤ የጥያቄዎ ሁሉ ሥር እዚያ ላይ ነውና። በድብርት የተያዘ አንጎል ከውጭ የሚደርሰውን ሁሉ ወደ ክፉው አዘንብሎ ይቀበላል። ደስታም ቁጣም የማይታይበትን ፊት የተከፋ አድርጎ ይወስደዋል፤ ፈገግታን ለመለየት ይዘገያል፤ ከትናንት ውሎው የተመሰገነበትን ረስቶ የተነቀፈበትን ያስታውሳል። «ፊት ነሣችኝ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ፊት የነሣ ሰው ሳይኖር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አሁን የሚያስቸግርዎትን ነገር በጠባይዎ ከማሳበብዎ በፊት፣ ከመታመምዎ በፊት እንዴት እንደነበሩ እኅትዎን ይጠይቋቸው።

ይህ ዝንባሌ በምርመራም ታይቷል። በአንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ፣ ከጆሮአችን አቅጣጫ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አሚግዳላ የሚባል የለውዝ ፍሬ የሚመስል ክፍል አለ፤ ሥራው በአካባቢያችን ያለውን አስጊና አሳሳቢ ነገር ፈጥኖ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚገኙ ተመራማሪዎች በድብርት ለታመሙ ሰዎች የፈራ ሰው ፊት በጣም ለአጭር ቅጽበት አሳዩአቸውና ወዲያው በሌላ፣ ስሜት በማይታይበት ፊት ሸፈኑት። ታማሚዎቹ የፈራውን ፊት ማየታቸውን እንኳ አላወቁም፤ የግራ አሚግዳላቸው ግን ከጤነኞቹ ይልቅ በኃይል ተነሣሣ። ሰርትራሊን የተባለ ፀረ ድብርት መድኃኒት ለ8 ሳምንት ወስደው ሲመለሱ ያ መጠን ያለፈ መነሣሣት በርዶ ተገኘ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ሰውየው «ተከፋሁ» ብሎ ከማሰቡ በፊት አንጎሉ ተከፍቶ ጨርሷል። «እስቲ ነገር አታብዢ» የሚለው ምክር የማይረዳዎትም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ ልምጣ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ሃርመርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ለድብርት ታማሚዎች ሪቦክሴቲን የተባለ ፀረ ድብርት መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ሰጡ፤ ለሌሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ተሰጠ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱት የደስተኛ ሰውን ፊት ከሌሎቹ በተሻለ ለዩ፤ ሰውን የሚያመሰግኑ ቃላትንም አብልጠው አስታወሱ። ስሜታቸውን ሲጠየቁ ግን ምንም ለውጥ አልነበረም! ሪቦክሴቲን የሚሠራው ኖርአድሬናሊን በተባለ ሌላ የአንጎል ንጥረ ነገር በኩል ስለሆነ ከእርስዎ መድኃኒት ይለያል፤ ነገር ግን የፍሉኦክሴቲን ቤተሰብ የሆነውን ሲታሎፕራምን ለ7 ቀን የወሰዱ ጤነኛ ፈቃደኞችም አሚግዳላቸው ለፈራ ፊት የሚሰጠው ምላሽ ቀንሶ ታይቷል።

ከዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ የሚከተለው ነው። መድኃኒቱ በቀጥታ ደስታን አያፈስም፤ መጀመሪያ የሚያቃናው አንጎል ፊትን፣ ቃልንና ትዝታን የሚያነብበትን መንገድ ነው። የሰው ስሜት ደግሞ የብዙ ቀን ንባብ ድምር ስለሆነ የጎረቤት ሰላምታ፣ የሥራ ባልደረባ ምስጋና፣ የልጅ ሳቅ በተቃናው መንገድ ተነብቦ እስኪጠራቀም ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ማለት ደግሞ በርዎን ዘግተው ቢቀመጡ መድኃኒቱ የሚያነብብልዎት ነገር ያጣል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። «ሴሮቶኒን አንሶሽ ነው» የሚለው አገላለጽ ለማስረዳት ቢቀልም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ቀደምት ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ በድብርት ታማሚዎች ላይ ሴሮቶኒን ለመቀነሱ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም፤ መድኃኒቱ መርዳቱና ሕመሙ በሴሮቶኒን ማነስ መምጣቱ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው፣ ይህን የፊት ንባብ ፈተና ሐኪሞች መድኃኒት ለመምረጥ እንዲጠቀሙበት በ5 የአውሮፓ አገሮች 913 ታማሚዎችን ያሳተፈ ሙከራ ተደርጎ ጭንቀትን በመጠኑ ቢቀንስም በድብርቱ ላይ የተጠበቀውን ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡን አምንበታለሁ፤ ክሊኒክ ውስጥ የሚያገለግል መሣሪያ ሆኗል ግን አልልም።

ምላሽ 2 (በአእምሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ)

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ማብራሪያ ነው። እኔ በየዕለቱ ከማየው ተነሥቼ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀት፣ የልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት የሚብስባቸው ብዙዎች ናቸው፤ «አልተስማማኝም» ብለው መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ የሚጥሉትም በዚያን ጊዜ ነው። ሲታሎፕራምን አንድ ጊዜ ብቻ የወሰዱ ጤነኞች ፍርሃትን ከሰው ፊት ላይ ይበልጥ መለየት እንደጀመሩ፣ ከ7 ቀን በኋላ ግን ነገሩ እንደተገለበጠ ስለሚታወቅ፣ ይህ የመጀመሪያ ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ አላፊ መሆኑን ለታማሚዎቼ አስቀድሜ እነግራለሁ።

ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም ያለ እንቅልፍ ለቀናት ከልክ ያለፈ ጉልበትና ንግግር ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው በተለይ ከ25 ዓመት በታች በሆኑት ላይ በጥብቅ ይጠበቃል። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ይጠመቁ፤ እባክዎ መድኃኒቱን ግን ለዚያ ብለው አያቋርጡ። ሲሻልዎትም በራስዎ ፈቃድ እንዳያቆሙ፤ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር መቀጠል የተለመደ ነው።

ምላሽ 3 (ከሜሪላንድ)

ስለ መደንዘዙ የሚመልስ ሰው ስላላየሁ የደረሰብኝን እጽፋለሁ። የፍሉኦክሴቲን ቤተሰብ የሆነውን ኤስሲታሎፕራም ለሁለት ዓመት ወስጃለሁ፤ ከአልጋ አንሥቶ ሥራ ያስገባኝ እርሱ ነው፣ ይህንን አልክድም። ሆኖም በልጄ የክርስትና ዕለት እልልታው ሲቀልጥ፣ ባለቤቴ በደስታ ስታለቅስ፣ እኔ የሌላ ሰው ድግስ ላይ የተገኘሁ ያህል ቆሜ የእንግዶችን ኮት እሰቅል ነበር። አላዘንኩም፤ ደስም አላለኝም። ያንን ቀን እስከ ዛሬ ድረስ እቆጭበታለሁ።

ስሕተቴ ለአንድ ዓመት ያህል ለማንም ሳልናገር መቆየቴ ነበር። ድብርቱ ለቆኝ ሳለ «ምንም አይሰማኝም» ማለት ምስጋና ቢስነት መሰለኝ። በመጨረሻ ለሐኪሜ ስነግራት መጠኑን ቀስ በቀስ ቀነሰችልኝ፤ በቂ ባለመሆኑም ወደ ሌላ ዓይነት መድኃኒት አዛወረችኝ። ከሁለት ወር በኋላ እናቴ ከጎንደር ስልክ ደውላ ስትመርቀኝ ዕንባዬ መጣ። መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ።

ምላሽ 4 (ምላሽ 1ን የጻፍኩት)

የሜሪላንዱ ወንድማችን የገለጹት ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከካምብሪጅና ከኮፐንሃገን የወጣ ጥናት 66 ጤነኛ ፈቃደኞችን አሳትፎ፣ ኤስሲታሎፕራምን ቢያንስ ለ21 ቀን የወሰዱት ከሽልማትና ከቅጣት የመማር ስሜታቸው ደብዘዝ ማለቱን አሳይቷል። ክፉውን የሚያለዝበው እጅ በጎውንም ሊያለዝበው ይችላል ማለት ነው። ሁሉም ሰው ግን አይደርስበትም፤ መደንዘዙም ራሱ አንዳንድ ጊዜ ያልለቀቀ የድብርት ቅሪት ሊሆን ስለሚችል፣ የቱ እንደሆነ የሚለየው ከሐኪም ጋር በሚደረግ ግልጽ ንግግር ነው። ባልንጀራዎ የተናገሩት ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ ነገር ግን ከደረሰ ሊስተካከል የሚችል ነገር እንጂ የማይመለስ ዕጣ አይደለም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሽ 1ን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከግቢያችን አንዲት ጎረቤት አለች። ባለፈው ወር ሰላም ሳትለኝ ስላለፈች ሌሊቱን ሙሉ ምን አድርጌአት ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ከትናንት በስቲያም እንዲሁ በአጠገቤ አለፈች፤ የታክሲ ሰልፍ ረፍዶባት ይሆናል ብዬ ልብሴን ማስጣት ቀጠልኩ። ያን ጊዜ ለውጥ ነው ብዬ አላሰብኩም። ሐዘኑ ዛሬም አለ፤ ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት አሁንም ይከብደኛል።

እንዲህ ያሉ ነገሮችን በደብተር እየጻፍኩ ለቀጠሮዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስለ መደንዘዙም ሳላፍር እጠይቃለሁ። ጎረቤቴን ደግሞ ቅዳሜ ቡና ልጠራት አስቤአለሁ።