ተራው በመዝገብ ይጠበቅ ወይስ በሶፍትዌር? የሰሜን ሸዋ የጭነት ሰዎች ክርክር

የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

ማኅበራችን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ያቀርባል። እስካሁን ጭነት የምንደለድለው በተራ መዝገብ ነው፤ መኪናው አራግፎ ሲመለስ ሰሌዳው ይመዘገባል፣ ተራው ሲደርስም ይጭናል። የቀረበው ሐሳብ ይህንን መዝገብ ዘግቶ ስምሪቱን፣ የመጫኛ ትእዛዙን፣ የርክክብ ሰነዱንና የሒሳብ ማወራረዱን በአንድ የትራንስፖርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ማካሄድ ነው። እኔ እደግፈዋለሁ፤ የርክክብ ወረቀት መንገድ ላይ ስለጠፋ ብቻ ክፍያቸው ለወራት የዘገየባቸው ባለንብረቶች ቢሮዬ ደጃፍ ሲመላለሱ ከርመዋልና። የሚቃወም ሰው ምክንያቱን ይጻፍ፤ ስድብ ግን ይሰረዛል።

ባለንብረት፣ አንድ መኪና ከነተሳቢው

በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። መዝገቡ ንጹሕ ነው አልልም፤ ገጽ ሲቀደድ፣ ሰሌዳ ሲሰረዝ፣ ተራም ሲሸጥ አይቻለሁ። ነገር ግን መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ስለሚውል ገጹን ማን እንደቀደደው ለማወቅ አንድ ቀን አይፈጅብንም ነበር።

ሶፍትዌር የተባለውንም ቀምሼዋለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጭነት በስልክ የሚያገናኝ ድርጅት ዘንድ ተመዝግቤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ጭነት በተስማማሁበት ዋጋ ያዝኩ። ማታ ሌላ ሰው ዝቅ ባለ ዋጋ እወስደዋለሁ ስላለ የእኔም ዋጋ በዚያው ልክ መውረዱን ስልኬ ነገረኝ፤ እምቢ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ጭነት አልቀረበልኝም። ቀጥተውኝ ይሁን ገበያው ቀዝቅዞ ይሁን የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ደላላ እንኳ ቢበድለኝ ቡና የሚጠጣበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ሄጄ እይዘዋለሁ።

የፋብሪካ ማጓጓዣ ክፍል ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ የደረሰብዎት በደል እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን መዝገቡ ራሱ የሚያደርስብንን ጉዳት ማንም አይቆጥረውም። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው፤ የሚገባው ደግሞ ከሚወጣው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ መኪና ወደ ወደብ ባዶውን ይወርዳል። በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ ያራገፈ መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት በአጠገቡ እያለ፣ መዝገቡ ያለው ደብረ ብርሃን ስለሆነ ብቻ ተራ ለመያዝ ባዶውን ጣርማበርን ሲወጣ አያለሁ። 400 ኩንታል የሚጭን መኪና ባዶ ሲመለስ ናፍጣውን የሚከፍለው ማን ነው? መጀመሪያ እርስዎ፣ ቀጥሎ እኛ፣ በመጨረሻም ዕቃውን የሚገዛው ሰው ነው።

በራችን ላይ የሚሆነውንም ልጨምር። መጋዘናችን በአንድ ጊዜ ጥቂት መኪና ብቻ እያራገፈ፣ ሁሉም ጠዋት በአንድ ሰዓት ደርሶ ይሰለፋል። ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ መኪና የማራገፊያ ሰዓት ቢሰጥ ግማሹ ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ ይመጣ ነበር። ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚያወጣው ጭነትና የምንጃር ጤፍ በአንድ ሰሞን መኪና ሲፈልጉ፣ ገጽ እየገለጡ መደልደል ይቻላል ብሎ ማሰብ ለእኔ ይከብደኛል።

የከባድ መኪና ሹፌር

ባለንብረቱም ፋብሪካውም ተናገሩ፤ መሪውን የያዘውን ሰው ግን የጠየቀ የለም። መንገዱ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ዋሻውን ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጉም በወረደ ቀን ጭነት ይዞ ያንን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ማርሽ አክብዶ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጠነቀቀ በዝግታ ነው የሚሄደው። ኪሎሜትር ብቻ የሚቆጥር ሥርዓት «ዘግይተሃል» ብሎ ቢጽፍብኝ፣ ያ ጽሑፍ ደግሞ የሚቀጥለውን ጭነት የሚያስከለክለኝ ከሆነ፣ ልጆቼን ሊበላ የመጣ ሥርዓት ነው።

በአሜሪካ ከ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ አብዛኛው የከባድ መኪና ሹፌር የሚነዳበትን ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲመዘግብ ተገድዷል። ሕጉ ሥራ ከጀመረበት አንሥቶ በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳትን ይከለክላል። ዓላማው ሹፌሩ በድካም እንዳያንቀላፋ ነው፤ እኔም አልጠላሁትም። ሆኖም መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚባክነው ጊዜ ያንኑ 14 ሰዓት ስለሚበላበት፣ የዘገየው መጋዘኑ ሆኖ ሳለ የሚጎዳው ሹፌሩ ነው በሚል እዚያም ብዙ ተጮኋል። ስለዚህ የእኔን ፍጥነት የሚመዘግበው ሥርዓት ፋብሪካው በር ላይ ያቆመኝንም ሰዓት ይመዝግብ፣ ክፍያም ይታሰብበት። ይህ ከተጻፈ ድምፄን እሰጣለሁ።

ባለንብረት፣ ሸዋ ሮቢት

ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ መኪናውን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ መዝገብ ዙሪያ ከሚሰበሰቡት ወንዶች መካከል ገብቼ ተራዬን ስጠይቅ የሚሰማኝ የለም፤ «ሹፌርሽን ላኪ» ይሉኛል። ተራዬ ስንተኛ እንደሆነ እቤቴ ሆኜ በስልኬ ካየሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጋሼ የሚሉት በግልጽ የተዘረጋ መዝገብ ለሁላችንም የተዘረጋ አልነበረም።

የሶፍትዌር ባለሙያ፣ የደብረ ሲና ልጅ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ስለሆነ ክርክሩ ይምታታል። አንደኛው የድርጅቱን ወይም የማኅበሩን የራሱን ትእዛዝ፣ ስምሪት፣ ሰነድና ሒሳብ የሚይዝ ማስተዳደሪያ ነው። ሁለተኛው ጫኝንና አስጫኝን አገናኝቶ ከዋጋው ላይ የሚተርፈውን የሚወስድ የጭነት ገበያ ነው። ጋሼን ያስለቀሳቸው ሁለተኛው ነው። እርሱም ቢሆን ጸንቶ ለመቆሙ ዋስትና የለውም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲያትል ከተማ የተመሠረተው ኮንቮይ የተባለው ኩባንያ በ2022 የ3.8 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተሰጥቶት ነበር፤ የጭነት ገበያው ሲቀዘቅዝና ገንዘብ ሲያጥረው ግን በጥቅምት 2023 ሥራውን አቆመ። ስምሪታችንን በሙሉ በእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ላይ ከጣልን፣ እሱ በተዘጋ ማግሥት ተራችንን የሚነግረን የለም።

የመጀመሪያው ዓይነት ግን ደንቡን የሚቀበለው ከእኛ ነው። «ቀድሞ ያራገፈ ቀድሞ ይጭናል» የሚለውን ሕግ እንዳለ ማስገባት ይቻላል፤ ኮምቦልቻ ያራገፈም እዚያው ሆኖ ተራ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። የርክክብ ሰነዱን በተመለከተ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የኤሌክትሮኒክ ሰነድን ሕጋዊ ዋጋ ስለሚያውቅ «ወረቀት ካልያዝክ አልከፍልም» የሚል ሰበብ ይቀንሳል። መኪናው የት እንደዋለ የሚያሳየው መረጃ የማን እንደሆነ ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ሻጩ ነገ ለሌላ ያቀርበዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ኔትወርክ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ምን እንደሆንን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያን ጊዜ ስምሪቱ በሙሉ በኢንተርኔት ቢሆን ኖሮ አንድ መኪና ከግቢ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ያለ ዳታ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የማይሠራ፣ በየማታው የተራውን ዝርዝር አትሞ ግድግዳ ላይ የማያስለጥፍ ሥርዓት አይገዛ።

ባለንብረት፣ አንድ መኪና ከነተሳቢው

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ልዩነቱን አሁን ገና ነው የተረዳሁት። የሸዋ ሮቢቷ እኅቴ የተናገረችውም ልክ ነው፤ አፍሬበታለሁ። ሰነዱና ሒሳቡ በሶፍትዌር ይሁን፣ ተስማምቻለሁ። በተራው ላይ ግን አንድ ነገር መልሽልኝ፤ ትናንት መዝገቡን ለመቅደድ እጅ ያስፈልግ ነበር፣ ዛሬ የሚስጥር ቁጥሩን የያዘው ሰው ማታ ቤቱ ተቀምጦ ሰሌዳዬን ዝቅ ቢያደርገው በምን አውቃለሁ?

የሶፍትዌር ባለሙያ፣ የደብረ ሲና ልጅ

ጋሼ፣ ተራ የለወጠ ሰው ስምና ሰዓት በአባላት ሁሉ ስልክ ላይ ወዲያው እንዲደርስ ማስደረግ ይቻላል። ይህ ግን በራሱ አይመጣም፤ ማኅበሩ በጨረታ ሰነዱ ላይ ግዴታ አድርጎ ካልጻፈው ሻጩ አይሠራውም።

የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

እንግዲህ ሐሳቡን አሻሽዬ አቀርበዋለሁ። ሰነዱና ሒሳቡ ወዲያው ይጀምሩ፤ ተራው ለስድስት ወር በመዝገቡም በሶፍትዌሩም ጎን ለጎን ይያዝ፤ የበር ላይ ቆይታም ይመዝገብ። ሁለቱ ሳይስማሙ በዋሉ ቀን የትኛው ይጽና የሚለውን ግን እኔ ብቻዬን አልጽፈውም።

ባለንብረት፣ አንድ መኪና ከነተሳቢው

መዝገቡ ይጽና።

ባለንብረት፣ ሸዋ ሮቢት

እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ይጽና እላለሁ፤ እሱን ሹፌሬ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል።