ከአዲስ አበባ ጅማ ፒያኖ ማምጣት፦ ዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ወይስ አይሱዙ?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች እንዴት ናችሁ። አክስቴ አዲስ አበባ ያላትን ፒያኖ ለልጄ ሰጠችልኝ፣ ያ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ የሚቆመው ዓይነት ነው፣ አሮጌ ነው ግን ድምፁ አሪፍ። ችግሩ እሷ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነች ሊፍት የለም፣ እኛ ጋ ደግሞ መኪና በር ድረስ አይገባም ኮብልስቶን ላይ ትንሽ መገፋት አለበት። አንድ ዕቃ አጓጓዥ ደውዬ የጠራልኝ ብር አስደነገጠኝ፣ ባሌ ደሞ ወደ ጅማ የሚመጣ አይሱዙ ላይ ይጫን ምን ችግር አለው ይላል። ክረምቱ ሳይገባ ብናመጣው ደስ ይለኛል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

አባ መላ፦
ባልሽ ልክ ነው 😂 ስድስት ጎረምሳ ጥሪ በቃ

ነጭና ጥቁር፦
ኧረ እንደሱ አይደለም። ኪሎው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጅማ ቡና በጆንያ የሚሸከም ሰው ሞልቷል። ይሄ ዓይነት ፒያኖ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው፣ ክብደቱ ግን በጀርባው በኩል ነው ያለው ምክንያቱም ከ200 በላይ ሽቦ የተወጠረበት የብረት ፍሬም እዛ ነው ያለው፣ ስለዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ ወደኋላ ካዘነበለ የያዘውን ሰው ይዞ ነው የሚወርደው። የፊት እግሮቹን ይዘው እንዳያነሱት፣ ታች ያሉት ትንንሽ ጎማዎችም ቤት ውስጥ ፈቀቅ ለማድረግ እንጂ ለኮብልስቶን አይደሉም።
እኔ ብሆን ብሩን ደረጃው ላይ ነው የማወጣው። ድርጅቱን እስከ ጅማ ሳይሆን ከፎቅ አውርዶ አስሮ መጫኑን ብቻ ስንት ትላላችሁ በያቸው። ከዚህ በፊት ፒያኖ አንስተዋል ወይ፣ ቀበቶና ጋሪ አላቸው ወይ፣ ቢሰበር ማነው የሚከፍለው፣ ይሄን በጽሑፍ ተቀበይ። "አታስቢ እህቴ" ካሉሽ ያኔ አስቢ።

የጅማ መስመር፦
ሹፌር ነኝ። ቆሞ ነው የሚጫነው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጀርባውን ለጋቢናው ግድግዳ ሰጥቶ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ከላይ ሸራ። ግቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ጭነት ሁሉ ወደፊት ስለሚገፋ ከኋላው ሲሚንቶ ምናምን የጫነ መኪና ላይ እንዳትሰጪ። ከሁሉ የሚያስቸግርሽ ግን የሰፈር ጫኝና አውራጅ ነው፣ የራስሽን ሰው ብታመጪም የኛ ሰፈር ነው ብለው ይመጣሉ። አንዱን ደንበኛዬን ለአንድ ቁም ሳጥን የመኪናውን ኪራይ ያህል ጠይቀውታል። መኪናው ሳይቆም በፊት እዛም እዚህም ተስማሚ፣ ዕቃው መኪና ላይ እያለ መከራከር ዋጋ የለውም።

የቆጪ ልጅ፦
ተባረኩ፣ ለባሌ አስነበብኩት ዝም ብሏል 😄 ከመጣ በኋላስ ቅኝቱን ማን ያስተካክልልኛል?

ነጭና ጥቁር፦
እንደመጣ አታስቀኚው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት የጅማን አየር ይልመድ፣ እንጨቱ እርጥበት ሲስብ ቅኝቱ መልሶ ይለወጣል። ቃኝ ለማግኘት አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አካባቢ ጠያይቂ፣ ሌላ ፒያኖ ያለው ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን እዚህ ካገኘሽ የመምጫውን ትካፈላላችሁ። ከመስኮትና ከኩሽና ግድግዳ አርቂው። ደሞ ርዝመቱ ወደ 150 ሳንቲም ነው፣ ኮሪደርሽ ላይ መታጠፊያ ካለ አሁኑኑ ለኪ።