ፓንሲት (የፊሊፒኖችን የኑድል ምግብ) መሥራት የምትችሉ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ!

እንደምን ናችሁ? የምኖረው ዱባይ ነው፣ ባለቤቴ ፊሊፒናዊ ነው። ቅዳሜ ከነቤተሰቡ አል ማምዛር ባሕር ዳርቻ እንወጣለን። አማቴም ከአገራቸው መጥተዋል። እኔ አፌ መች ያርፋል፣ «ምግቡን ለእኔ ተዉት» ብዬ ቁጭ አልኩ። 12 ሰው ነን!

የዶሮ አዶቦው (በኮምጣጤ የሚሠራው የፊሊፒኖች የዶሮ ወጥ) አያሳስበኝም። ባለፈው ኮምጣጤውን ጨምሬ ወዲያው ሳማስለው ጥሬ ጥሬ አለ። «እስኪፈላ አይነካም» ተባልኩ፣ ገባኝ።

ጭንቀቴ ፓንሲቱ ነው። ከሩዝ የሚሠራው ቀጭኑ ኑድል «ቢሆን» ይባላል (እኔ ሁሌ «ምን ቢሆን?» እላለሁ)። ትናንት ሞከርኩት። ከመጥበሻው ሲወጣ ልቅም ያለ ነበር። ካሮቱ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሁሉም በቦታው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ክዳኑን ስከፍት ግን ተጣብቆ እንደ ድፎ ዳቦ ባንዴ ተነሣ። በሹካ ስጎትተው ብጥስጥሱ ወጣ።

ኑድሉ የሚዘፈዘፈው በቀዝቃዛ ውሃ ነው ወይስ ለብ ባለ? ለስንት ደቂቃ? መጨረሻ ላይ ዘይት ልጨምርበት? ጠዋት 3 ሰዓት ተሠርቶ የሚበላው 7 ሰዓት ላይ ነው።

ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ ለራሴ የጾም ለብቻ አወጣለሁ። እነሱ ፓቲስ የሚሉት የዓሣ ሶስ አለ። በእሱ ፋንታ ምን ላድርግ? በሶያ ሶስ ብቻ ስሠራው አንድ ነገር ይጎድለዋል።

«ከሬስቶራንት እዘዢ» እንዳትሉኝ ብቻ። አማቴ በአንድ ጉርሻ ይለዩታል። እስከ ዓርብ ማታ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።