ፋኑ እየዞረ ሞኒተሩ ላይ ምንም ምስል የማይታይበት ኮምፒውተር

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን ውስጥ ከአቧራ ካጸዳሁ በኋላ ሳበራው ፋኖቹ ይዞራሉ፣ የኬዙም መብራት ይበራል፤ ሞኒተሩ ግን ሲግናል እንደማያገኝ የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንዶች ያሳይና ይጨልማል። ሞኒተሩን በዚያው የኤችዲኤምአይ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ሳገናኘው በትክክል ስለሚሠራ፣ ችግሩ የሞኒተሩም የገመዱም አይመስለኝም። ማሽኑ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ገመዱ የሚሰካው በቀጥታ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚገጠሙበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ነው። አራት የራም (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ስሎቶች ወይም መሰኪያዎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ዲዲአር4 ራሞች በሁለተኛውና በአራተኛው ስሎት ላይ ተሰክተዋል። ፋኑ ከዞረ ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ ደህና ናቸው ማለት ይቻላል? በውስጡ ያሉት ሰነዶች በጣም ስለሚያስፈልጉኝ፣ እነሱን የሚጎዳ ሙከራ ማድረግ አልፈልግም።

የመጀመሪያ መልስ

የፋን መዞር የሚያሳየው ፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልት ማውጣቱን ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ መጀመሩን አያረጋግጥም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት፣ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ምስል ብቻ የጎደለው መሆኑ ወይም ጭራሹኑ አለመነሣቱ ነው። ካበሩት በኋላ ጥቂት ጠብቀው በኪቦርዱ ላይ ያለውን ነም ሎክ ደጋግመው ይጫኑት። የነም ሎክ መብራት እየበራ የሚጠፋ ከሆነ ማሽኑ ተነሥቷልና የምስል መውጫውን ይመርምሩ። መብራቱ የማይለዋወጥ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ በመነሻ ፍተሻው ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ገና ስላልተነበበ ለሰነዶችዎ አይሥጉ።

በጽዳት ጊዜ በቀላሉ የሚላላ አንድ ገመድ አለ፤ እሱም ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ነው። ትልቁ ባለ 24 ፒን ገመድ በደንብ ተሰክቶ ይህኛው ቢላላ፣ እርስዎ የገለጹት ዓይነት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። አዲስ ማሽን ለሚገጥሙ አንባቢዎች ግን ልጨምር፦ ስማቸው በኤፍ ፊደል የሚያበቃ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው፣ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ምንም ምስል አይሰጥም።

ሁለተኛ መልስ

በእኔ ግምት ችግሩ ያለው ራሙ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው፣ በማሽኑ ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ይጫኑት፤ ራሙንም ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ብረት ይንኩ። ከዚያ ሁለቱንም ራሞች አውጥተው አንዱን ብቻ፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛ በሆነው ስሎት ላይ፣ መያዣው ቀጭ እስኪል ድረስ ይግፉት። ብዙ ሰዎች የራሙን ወርቃማ መገናኛዎች በላጲስ ያሻሉ፤ እኔ ይህን አልመክርም፤ የላጲሱ ብናኝ ስሎቱ ውስጥ ገብቶ ሌላ ችግር ያመጣል፣ መገናኛውንም ይፍቃል። ክር በማያወጣ ጨርቅ ላይ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጎ በቀስታ መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ፣ ሲአር2032 የሚባለውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች አውጥተው መልሰው ያስገቡት፤ ይህ የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) ቅንብር ወደ መነሻው የሚመልስ እንጂ ሰነድ የሚያጠፋ አይደለም።

ከጠያቂው

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ነም ሎክ ምንም ምላሽ አልሰጠም፤ የፕሮሰሰሩ የኃይል ገመድም በጥብቅ ተሰክቷል። ራሞቹን አንድ በአንድ ስሞክር ግን ሁለቱም በሁለተኛው ስሎት ላይ ምስል ሰጡ፣ በአራተኛው ላይ ግን አንዳቸውም አልሠሩም። ይህ ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ሦስተኛ መልስ

የግድ አይደለም። ሁለቱ ስሎቶች ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙት በተለያዩ መስመሮች ስለሆነ፣ መንሥኤው ከስሎቱ እስከ ፕሮሰሰሩ መቀመጫ ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አራተኛውን ስሎት በባትሪ መብራት አይተው፣ የተገፋ አቧራ ካለ በታመቀ አየር ያስወጡት። ለጽዳት የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አንሥተው ከነበረ ደግሞ ብሎኖቹን ይመልከቱ፤ በአንድ ወገን አጥብቀው የታሰሩ ብሎኖች ፕሮሰሰሩን ከመቀመጫው ፒኖች ጋር በእኩል እንዳይገጥም አድርገው አንዱን የራም መስመር ሊያቋርጡት ይችላሉ። ብሎኖቹን አላልተው፣ በሰያፍ እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቋቸው።

ይህም ካልረዳ ሁለቱን ራሞች በመጀመሪያውና በሁለተኛው ስሎት ላይ ይሞክሯቸው። ከሠሩ 16 ጊጋባይቱን ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ፤ ነገር ግን በአንድ መስመር ብቻ ስለሚያልፉ የመረጃ ማስተላለፊያው አቅም በግማሽ ይቀንሳል። የእርስዎ ግራፊክስ ደግሞ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ስለሆነ፣ ልዩነቱ በጽሑፍ ሥራ ላይ ባይታወቅዎትም በጌምና በቪዲዮ ማቀናበር ላይ ይሰማዎታል። አሁን በአንድ ራም ስለተነሣልዎት፣ ወደ ብሎኖቹ ከመሄድዎ በፊት ሰነዶችዎን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ።