ጥያቄ፦ አሮጌ ላፕቶፕ ከርነል ኮምፓይል የማድረግ አቅም እንዳለው በምን ልለካ?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ቲንክፓድ ቲ420 አለኝ። ኮር አይ5፣ 2 ኮር፣ 4 ጊጋ ራም፣ ከድሮው ሃርድ ዲስኩ ጋር። ደቢያን ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። የሊኑክስ ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) ከሶርስ ኮድ ለመሥራት፣ ማለትም ኮምፓይል ለማድረግ፣ ማታ ሜክ የሚባለውን የግንባታ ፕሮግራም በጄ 8 (8 ሥራ በአንድ ላይ እንዲያስኬድ) አስነስቼ ተኛሁ። ጠዋት አላለቀም፤ ማውሱ እንኳን አይንቀሳቀስም። ማሽኑ አይችልም ማለት ነው? ሌላ ልግዛ?

ሊኑክስ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ፤ ይችላል። የጎዳህ ጄ 8 ነው። ያንተ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው 4 ሥራ ነው። 8 ኮምፓይለር አንድ ላይ ሲነሳ ራሙ ይሞላና ወደ ስዋፕ (ራም ሲሞላ ትርፉ ወደሚቀመጥበት ቦታ) ይሻገራል። ስዋፑ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ይጠብቃል። የራምና የስዋፕ አጠቃቀምን የሚያሳየውን ቪኤምስታት የሚባል ትእዛዝ ክፈት። ኤስአይ (ከስዋፕ የሚመጣው) እና ኤስኦ (ወደ ስዋፕ የሚሄደው) በሚሉት ዓምዶች ሥር ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነና ካልወረደ፣ ያነሰህ ራም ነው። በጄ 3 ሞክር፣ ብሮውዘሩንም ዝጋ።

ለመለኪያው የሊኑክስ ፍሮም ስክራች (ሊኑክስን ከሶርስ ኮድ ራስህ እንድትገነባ የሚያስተምር መመሪያ) ሰዎች ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ቢንዩቲልስ የሚባለውን የመሣሪያዎች ጥቅል ኮምፓይል አድርገው የፈጀውን ጊዜ ታይም በሚባለው ትእዛዝ ይለካሉ። ያ ጊዜ 1 ኤስቢዩ ይባላል። የሌሎቹ ፕሮግራሞች ጊዜ በዚያ ተሰልቶ መመሪያው ላይ ተቀምጧል። ባንተ ማሽን 1 ኤስቢዩ 5 ደቂቃ ከሆነ፣ 10 ኤስቢዩ የሚለው 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የጄውን ቁጥር ግን መመሪያው ከለካበት ጋር አንድ አድርገው። ከቤንችማርክ (የፍጥነት መፈተኛ ፕሮግራም) ነጥብ ይልቅ ይህን እመን፤ ራምህንና ዲስክህንም አብሮ ይለካልና።

የጥገና ባለሙያ፦
ሙቀቱንም እይ። ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ከዜሮ አሠራው። ሁለተኛው መፍጠን ሲገባው ከዘገየ፣ ፕሮሰሰሩ ግሎ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ፋኑን ከአቧራ አጽዳ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የሙቀት ፔስት ቀይር። በባትሪ አትለካ።

ሌላ አባል፦
የደቢያን ኮንፊግ (ከርነሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነው ፋይል) አንተ የማትጠቀምባቸውን ብዙ ሺህ ድራይቨሮች ይዟል። ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ በል፤ አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች (ሲያስፈልግ የሚጫኑ የከርነል ክፍሎች፣ ለምሳሌ ድራይቨሮች) ብቻ ያስቀራል። ከዚያ በፊት ፍላሹንም፣ ፕሪንተሩንም ሰካ፤ አለበለዚያ ድራይቨራቸው ይቀራል። መብራት ቢጠፋብህ አትደንግጥ። ሜክን መልሰህ ስታስነሳው ካቆመበት ይቀጥላል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! በጄ 3 እና በሎካልሞድኮንፊግ ከአንድ ሰዓት በታች አለቀ። ማውሱም አልቆመም። ዋይፋዩ ሠርቷል፣ ዩኤስቢ ሞደሜ ግን ጠፋ፤ ሳልሰካው ረስቼ ነው። ሰክቼ እደግመዋለሁ።