አፌ ዙሪያ እየደረቀና እየቀላ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?

የጮቄ መምህርት፣ ጥር 13

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እንኳን ለጥምቀቱ አደረሳችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል። ከመጀመሪያው ጀምሬ ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ነው።

የማስተምረው ሮብ ገበያ ነው፣ ጮቄ ተራራ ሥር። ሦስተኛ ክፍል። የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ የአገሩ ሰው ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል። ረፋድ ላይ ፀሐዩ ይለበልባል፣ ደረቅ ነፋስ ይነሣል። ከንፈር መሰንጠቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ ሁልጊዜው ነው ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ ከታችኛው ከንፈሬ ሥር ጥፍር የምታህል ቦታ ደረቀች። ከዚያ ተላጠች። ስናገር ይወጥረኛል። በምላሴ አረጥበዋለሁ። ለትንሽ ይለሰልስና የባሰ ይደርቃል። ሥራዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማውራት ነው። ጠመኔ የያዝኩበትን እጄን አፌ ላይ እንደማሳርፍ እንኳ ያወቅሁት አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ አፍዎ ነጭ ሆነ» ስትለኝ ነው።

እናቴ ስታየኝ «ምች ነው» አለች። ዳማ ከሴ አሽታ ጭማቂውን ቀባችኝ፣ በቡናም አጠጣችኝ። ጎረቤቴ ለጋ ቅቤ ሰጠችኝ፤ ለአንድ ሌሊት ደህና ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሎሚ ቀቢው አለኝ። ቀባሁት። እንባዬ ነው የመጣው።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ከአንድ ሱቅ ቅባት ገዛሁ። ሻጩ ፊቴን አየት አደረገና ምንም ሳይጠይቀኝ አውጥቶ ሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር በሦስተኛው ቀን ጠፋ። በጣም ደስ አለኝ። ስተወው ግን በሳምንቱ ተመለሰ። ያውም ጥቃቅን ቀያይ ሽፍታ ይዞ፣ ከአገጬ ተነሥቶ በአፌ ግራና ቀኝ እስከ አፍንጫዬ ሥር። እንደገና ቀባሁ፣ ጠፋ። ተውኩት፣ ብሶ መጣ። አሁን ሦስተኛው ቱቦ ላይ ነኝ። የአፌ ሁለቱም ጥጎች ተሰንጥቀዋል። እንጀራ በሽሮ ስጎርስ በርበሬው ያንገበግበኛል። ሳዛጋ ይደማል።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ጥር 26 ነው፣ ሚዜ ነኝ። ከሠርጉ ይልቅ ግን ክፍሉ ነው ያስጨነቀኝ። ልጆቹ ማንበብ የሚማሩት አፌን እያዩ ነው። እኔ ደግሞ በነጠላዬ ሸፍኜ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። መላ ያላችሁ እባካችሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ፍኖተ ሰላም

እታለም አይዞሽ። ትንሹ ልጄ አምና እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። አፉ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ቀላ። ሰው ሁሉ ጭርት ነው አለኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ግን ትንሽ ቁጭ ብላ አየችውና «ይሄ ልጅ አፉን ይልሳል» አለች። ለካ ምላሱ የሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው የቀላው! ምራቅ ሲደርቅ የቆዳውን ወዝ ይዞት ይሄዳል አለችኝ። ምግብ የሚፈጭ ነገርም ስላለበት ስስ ቆዳ ላይ ሲመላለስ ያቆስላል።

መድኃኒቱ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ነበር። ከምግብ በፊት፣ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ሲተኛ ደግሞ ወፈር አድርጌ። ከባዱ መላሱን ማስተው ነው። ምላሱ ወጣ ባለ ቁጥር «ቅባትህስ?» እለዋለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አንቺም ስታስተምሪ አጠገብሽ ውኃ አስቀምጪ፤ ሲደርቅብሽ ከመላስ ጎንጨት በይ። ሎሚ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሉሽን አትስሚ።

የቡሬ ልጅ

እኔ እናትሽ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ምች ነው። ፀሐይ ላይ በልተሽ ወይም ላብሽ ሳይደርቅ ብርድ መትቶሽ ይሆናል። ዳማ ከሴውን አታቋርጪ።

ፋርማሲ የምሠራ፣ ደንበጫ

መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ቱቦው ላይ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ያንብቡልኝ። ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን አይደለም፤ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን። መጨረሻው «ሶን» ወይም «ሶል» የሚል ነው?

ለቡሬው ወንድሜ፦ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል ሄርፐስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ይነዝራል፣ ከዚያ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፊኛዎች አንድ ቦታ ተጠጋግተው ይወጣሉ፣ ይፈርጣሉ፣ ቅርፊት ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ራሱ ይድናል። የመምህርት ሁለት ወር ሊሆነው ነው። በቅባት እየጠፋ እየባሰ የሚመለስ ደግሞ የምች ጠባይ አይደለም።

የጮቄ መምህርት

አነበብኩት። «ክሎቤታሶል» ይላል። 0.05 በመቶ።

ፋርማሲ የምሠራ፣ ደንበጫ

እንደፈራሁት ነው። ክሎቤታሶል ስቴሮይድ ነው፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ማለት ነው፤ ከሚቀቡት ስቴሮይዶችም በጣም ኃይለኞቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለክርንና ለጉልበት ወፍራም ቆዳ የሚታዘዝ እንጂ ለፊት አይደለም። ፊት ላይ ሲቀቡት መቅላቱን ያፍነዋል፤ ስለዚህ የዳነ ይመስላል። ሲተዉት የታፈነው ይወጣል። እንዲህ እየተመላለሰ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሽፍታውንም እሱ ራሱ ያመጣዋል። ሐኪሞች ፔሪኦራል ደርማታይተስ ይሉታል፤ አፍ ዙሪያ የሚወጣ የቆዳ መቆጣት ማለት ነው። አንድ ምልክት ልንገርዎ፦ መስታወት ይያዙና ከከንፈርዎ ጠርዝ ጋር የተያያዘችውን ቀጭን መስመር ይዩ። ሽፍታው እሷን ዘሎ ከወጣ ነገሩ ወደዚያው ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቆዳ ሐኪም ማየት አለብዎት። እስከዚያ ፊትዎ ላይ የሚያርፈውን ነገር ይቀንሱ። ክሬም፣ ሎሽን፣ ሽታ ያለው ሳሙና ይተዉ። ለብ ባለ ውኃ ብቻ ይታጠቡ። የእህታችን ቫዝሊን ለልጇ ልክ ነው፤ እርስዎ ግን ከንፈርዎና የተሰነጠቀው ጥግ ላይ ብቻ ይቀቡት። ሽፍታው ላይ ወፍራም ቅባት ሲደረብ ይብሳል። የጥርስ ሳሙናዎም ሚንት ወይም ቀረፋ የበዛበት ከሆነ ይቀይሩት፤ እነሱ የሚያስቆጡት ቆዳ አለ።

አሁን ልብ ይበሉ። ስቴሮይዱን ሲያቆሙ አንድ ሁለት ሳምንት ከበፊቱ ይብሳል። ያቃጥላል፣ ይቀላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተሸንፎ ወደ ቱቦው የሚመለሰው።

ጡረተኛ፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ ስለ አፍሽ ጥግ እኔ ልናገር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባሁ ወዲህ ሁለቱም ጥጎች እየተሰነጠቁ ዓመት ሙሉ ተሠቃይቻለሁ። ቫዝሊን ብቻ አልበቃኝም። ምራቅ እየተጠራቀመበት ፈንገስ ገብቶበት ኖሯል። ፀረ ፈንገስ ቅባት ታዘዘልኝ፣ በሁለት ሳምንት ደረቀ። ጥርሱንም ማታ ማታ እያወለቅሁ እንዳጥበው ተነገረኝ። ያንቺ ጥግና ያንቺ ሽፍታ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ደምሽንም ተመርመሪ። የብረት ወይም የቢ ቫይታሚን እጥረት የአፍ ጥግ ይሰነጥቃል ብለውኛል። የነቢያትን ጾም ጾመሻል መሰለኝ?

የጮቄ መምህርት

አዎ አባቴ፣ እስከ ገና ጾሜያለሁ። ምሳዬም ብዙ ቀን ድንች ብቻ ነበር፤ እዚህ አገር ድንች አይጠፋም። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ወርጄ እመረመራለሁ። መስመሯንም አየኋት። ከከንፈሬ ቀጥሎ ክር የምታህል ደህና ቆዳ አለች፣ ሽፍታው ከእሷ ወዲያ ነው።

የጮቄ መምህርት፣ መጋቢት 9

ወገኖቼ፣ ሳልመለስ ቆየሁ፤ ይቅርታ። ብዙዎች በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ የሆነውን ልጻፍ።

ሐኪሟ ስታየኝ ያለችው ፋርማሲስቱ ወንድማችን ያለውን ነው። ክሎቤታሶሉን አስቆመችኝ። በአንድ ጊዜ እንዳይከብደኝ ብላ ለጥቂት ቀን ደካማውን ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶውን፣ እየቀነስኩ እንድቀባ አደረገች፤ ከዚያ እሱንም ተውኩ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ እንክብል አዘዘችልኝ። ከማዘዟ በፊት እርጉዝ መሆን አለመሆኔን ጠየቀችኝ፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። በብዙ ውኃ ውጪው፣ ውጠሽ ወዲያው አትተኚ፣ ፀሐይም ተጠንቀቂ አለችኝ። ባርኔጣ ገዛሁ። የአፌ ጥግ እንደ አባታችን ሁኖ ተገኘ። ለእሱ ሚኮናዞል የሚባል ፀረ ፈንገስ ተሰጠኝ። ደሜም አነስ ያለ ነበር፤ የብረት እንክብል እየወሰድኩ ነው። አሁን ሁዳዴ ገብቷል። ጾሜን አላፈረስኩም፤ ግን ምሳዬ ምስር፣ ባቄላ፣ የሽምብራ አሳ ሆኗል፤ ጎመንም ጨምሬያለሁ።

ሠርጉ የዋለው ቅባቱን በተውኩ በስምንተኛው ቀን ነው። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ያበጠ መስሎ፣ ይነድ ነበር። ጠዋት ሚዜዎቹ ሲኳኳሉ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቱቦው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከፈትኩት። ትንሽ ብቀባ ለዛሬ ይሸፍንልኛል ብዬ ጣቴ ላይ አወጣሁ። ከዚያ «ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው» ያልከው ትዝ አለኝ ወንድሜ። ጣቴን ጠረግሁና ወጣሁ። ሙሽራዋ አቅፋኝ ምንም ሳትል አጠገቧ አቆመችኝ። ፎቶዎቹ ላይ እንዳለሁ አለሁ።

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ማቃጠሉ ተወኝ። በስድስተኛው ሽፍታው ከሰመ። ዛሬ አገጬ ላይ ሁለት ሦስት ነጥብ ቀርቷል። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው የማስተምረው። ጠመኔውን በጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ። የጥርስ ሳሙናዬን ለጊዜው ትቼ በወይራ መፋቂያ ነኝ። አፌን መላስ ግን ገና አልለቀቀኝም፣ ነፋስ ሲነሣ ምላሴ ራሱ ይወጣል። ፍኖተ ሰላም ያለሽው እህቴ፣ ያንቺን «ቅባትህስ?» ለራሴ እላለሁ።

እናቴ ዳማ ከሴዋን ከጓሮዋ አልነቀለችም፣ እኔም ንቀይ አላልኳትም። ለራስ ምታቷ ትጠጣው። ፊቴን ግን አስነካም።

የቀረውን ቱቦ ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ለልጇ ፊት ጠየቀችኝ፤ እኔን ሲያድነኝ አይታ ነው። ልጁ አፉ ሥር ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ይዟል። ቱቦውን አልሰጠኋትም። ልጁን ይዘን ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። የሚጋባ የቆዳ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ቅባት ታዘዘለት፤ ፎጣውንም ከእህቶቹ ለዩት ተባለች። ቱቦውን ያን ዕለት ማታ ቀድጄ ውስጡን አመድ ላይ ጨምቄ ጣልኩት።