አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት፤ እኔስ ምን ልብላ?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ያለው አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት። ሕክምና ጀምሯል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ 46 ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በምክር ተጥለቅልቋል። አንዱ ተልባ ጠጣ ይለኛል፣ አንዱ ቲማቲም አብዛ፣ አንዱ ወተት አቁም። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የቫይታሚን ኢ እንክብል ገዝቶ ሰጠኝ፤ ገና አልከፈትኩትም። ጾም እጾማለሁ፣ በፍስክ ግን ጥሬ ሥጋ ካገኘሁ አልምርም። ምግብ እውነት ለውጥ ያመጣል?

መልስ፣ ሲስተር ከአትላንታ

ወንድሜ፣ አባባን ፈጣሪ ይማርልህ። ዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሕክምና) ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። እባክህ ያንን ጠርሙስ እንዳትከፍተው። ሴሌክት የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች ገብተውበታል። ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ካንሰሩን ይከላከላሉ ተብሎ ነበር። በ2008 ጥቅም የለውም ተብሎ እንክብሉ ቆመ። በ2011 እንደገና ሲታይ፣ ቫይታሚን ኢ ብቻ የወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ። መጠኑ በቀን 400 ዩኒት ነበር። የጠርሙስህን ጀርባ አንብበው፣ ያው ሊሆን ይችላል።

ቲማቲሙን ብላ፤ በዘይት የበሰለው ላይኮፒኑ (ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ከጥሬው ይልቅ በደንብ ወደ ደም ይገባል። መከላከያ ነው ብለህ ግን አትመካበት። ተልባም አይጎዳህም። ከቀዶ ሕክምና በፊት በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ የበሉ ሕሙማን የካንሰር ሕዋሳታቸው መራባት ቀንሶ ታይቷል፤ ጥናቱ ግን የአንድ ወር ያህል ነው። ወተትና አይብ በጣም የሚያበዙ ወንዶች ላይ አደጋው ትንሽ ከፍ ያለባቸው ጥናቶች አሉ። ለአንድ ማኪያቶ አትጨነቅ።

እኔን የሚያሳስበኝ ቦርጭ ነው። ኃይለኛው፣ የሚሰራጨው ዓይነት ካንሰር ወፍራም ሰው ላይ ይበዛል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ግሩም ነው፤ ጾም ነው እያልን ሳምቡሳና ጥብስ ድንች ስናበዛ ነው የሚበላሸው።

ደግሞ አባቱ የታመመ ሰው አደጋው እጥፍ ያህል ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር እንዳንተ ያለው ከ45 ዓመቱ ጀምሮ ፒኤስኤ ስለሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ሐኪሙን ያማክር ይላል። አንተ አልፈሃል። ደውል።

መልስ፣ ጋሼ ከዳላስ

ልጄ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው፣ ካንሰሩም አለብኝ። ቀስ ብሎ የሚሄደው ስለሆነ በክትትል ላይ ነኝ። አትክልት ባበዛ ይቆምልኝ ይሆን ብዬ ሐኪሜን ጠየቅሁት። በ2020 የወጣ ጥናት አሳየኝ። እንደኔ ክትትል ላይ ያሉ 478 ወንዶች ናቸው። አትክልት ያበዙትና ያላበዙት በሁለት ዓመት ውስጥ በካንሰሩ መባባስ ልዩነት አልነበራቸውም። ከፋኝ። ጎመኑን ግን አልተውኩትም፤ ለልብና ለስኳር ይበጃል። ባለቤቴ ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረገች ታቁላላና ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ትጨምራለች። ሽሮው አሁንም ሽሮ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቀጠሮ ይዣለሁ። ሲስተር፣ ለደሙ ምርመራ ሳልበላ ልሂድ?

ሲስተር

ለፒኤስኤ በልተህ መሄድ ትችላለህ። ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ግን ብስክሌትም የግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይቅር፣ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ወንድሞች ካሉህ ለእነሱም ንገራቸው።